ደመና አልብሳት

«ድምፅዋን አውጣው አላልኩትም። ፊቷን ደመና አልብሳት ነው ያልኩት።»

ቦሼ ይህንን የሰማችው ቅዳሜ ጠዋት ጓሮ ቆማ ፊቷን በሳሙና ለቅልቃ፣ ዓይኗን መግለጥ በማትችልበት ሰዓት ነው። የአጎቷ የአቶ ኤርሳዶ ቤት ግድግዳ ጭቃ ይባል እንጂ ከሻሽ የሳሳ ነው፤ ውስጥ ሰው ሲያስብ እንኳ ጓሮ ድረስ ይሰማል ይላሉ ጎረቤቶች። የአጎቷ ሚስት እትዬ ባዩሽ ቀስ ብላ «እሷስ ታውቃለች?» አለች። አቶ ኤርሳዶ ዳቦ እያላመጡ «ዛሬ ስታይ ታውቃለች» አሉ። ሳሙናው ዓይኗ ውስጥ ገባ። ቦሼ ግን ውሃው ሲንቦጫረቅ እንዳይሰማ ጆጉን አላነሳችም። ዓይኗ እየተቃጠለ ቆማ የቀረውን ጠበቀች፤ የቀረ ነገር አልነበረም። አጎቷ ሻይ ይጨመርልኝ አሉ።

የመዘምራኑ የመጀመሪያ ክሊፕ በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የገበያው ሰው ሳይበተን፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በነጭ ጨርቅ ላይ ሊታይ ነው። ከስምንቱ መዝሙር አራቱን የምትመራው ቦሼ ናት። እሷ የምትወጣበትን ከፍታ የሚደርስበት ሌላ ጉሮሮ ከጂንካ እስከ ኦሞራቴ አልተገኘም፤ አንዷ ሞክራ ሳምንቱን ሙሉ ከጎረቤት ጨው የተበደረችው በጥቅሻ ነው። ችግሩ፣ ቦሼ ባሏን ጥላ የመጣች ሴት መሆኗ ነው። የባሏ እጅ ከአፉ ይቀድም ነበርና፣ አንድ ማለዳ ልብሷን በፌስታል ይዛ ወጣች፤ ይኸው ሁለት ዓመቷ። የባሏ አባት አቶ ሶርሳ ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው፤ አጎቷ ደግሞ ሌላው። ሁለቱ ሰዎች እሁድ እሁድ በአንድ አግዳሚ ሲቀመጡ የእሷ ስም በመካከላቸው እንደ ሦስተኛ ሰው ይቀመጣል። ስለዚህ ተመካከሩና ፈረዱ፦ ድምፅ ኃጢአት የለበትም፣ ይቆይ፤ ፊት ግን ምስክር ነው፣ ይሸፈን።

ይህም ይሁን ባለች ነበር። ቦሼ መዋጥ ለምዳለች። እናቷ ግን ዛሬ ከደጋው ከገዘር ልትወርድ ነው። የቦሼ እናት ጆሮዋ አይሰማም፤ ቦሼ ሳትወለድ በፊት የያዛት ትኩሳት ጆሮዋን ይዞባት ሄዷል። ልጇ ዘፈነች፣ አለቀሰች፣ ዘመረች፣ እሷ ያየችው የሚከፈትና የሚዘጋ አፍ ብቻ ነው። ባለፈው ወር ቦሼ ወጥታ በእጅ ምልክት አስረድታታለች፦ ትልቅ ነጭ ጨርቅ፣ በላዩ እኔ፣ አፌ ተከፍቶ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። እናትየው ከዚያ ቀን ወዲህ የገዘርን ገበያ በእጇ ስትሰብክ ከርማለች፤ ቅቤ ሻጭ ሳይቀር ያውቃል አሉ። ሰው ሁሉ ድምፅዋን ይሰማ ይሆናል። እናቷ የምታየው ግን ደመና ነው። ለዚያ ደመና ብላ ደግሞ፣ በገበያ ቀን ሁለት ብር በሚጨምረው ሚኒባስ፣ ከጆንያና ከፍየል ጋር ተጠጋግታ ትመጣለች።

ቁርስ ላይ አቶ ኤርሳዶ ሬዲዮኑን ከፍ አደረጉ፤ እትዬ ባዩሽ ቲማቲም ኪሎው ስንት እንደገባ ለግድግዳው ነገረችው። ቦሼ ዓይኗ ቀልቶ ስለነበር አጎቷ አንዴ ቀና ብለው አይተው ወደ ዳቧቸው ተመለሱ። «ሳሙና ነው» አለች ሳትጠየቅ። «ሳሙናው ጎበዝ ነው» አሉ እሳቸው። ጎበዝ ለምን እንደሆነ ሳይናገሩ ተነሱ።

የፋሲል ፎቶና ቪዲዮ ቤት ከአውሮፕላን ሜዳው ዳር ናት። የጂንካ አውሮፕላን ሜዳ ከተማው መሃል ተዘርግቶ ፍየል የሚግጥበት ሣር ነው፤ የጂንካ ደመና ደግሞ ሰነፍ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ከተራራው ወርዶ እዚያው ሣር ላይ ከፍየሎቹ ጋር ይተኛል። አንዲት ፍየል አንዴ ደመና ግጣ ሦስት ቀን መሬት አልነካችም ብሎ የሚያወራው ይኸው ፋሲል ነው። አያቱ ከሰሜን ከወታደር ጋር የመጡ፣ እሱ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ፣ እጁ ግን ሃይማኖት የማይለይ ሰው ነው፤ ሰርግም፣ የሙት ዓመትም፣ የጥምቀት መልካም ምኞትም፣ የጴንጤ መዝሙርም ይሠራል። ሁሉም ውስጥ ደመና አለ። «ደመና የሌለው ክሊፕ ራቁቱን የወጣ ሙሽራ ነው» ይላል። ሦስት ዓይነት አለው። የፍቅር ደመና አለ፤ ቀላ ያለ፣ ዘፋኙ ፍቅረኛው ጥላው ስትሄድ ከኋላው የሚመሽ። የጊዜ ደመና አለ፤ በፊልም ውስጥ እንደ ሚኒባስ የሚከንፈው፣ እሱ ካለፈ ሰባት ዓመት አለፈ ማለት ነው፤ ሕፃኑ ጢም አብቅሎ ይመለሳል፣ እናቱ ግን ያው ቀሚስ ናት። የመንፈስ ደመና ደግሞ ነጭ፣ ወፍራም፣ መሃሉ የሚያበራ ነው። ሦስቱንም ከዱባይ በኮንቴይነር አስመጣኋቸው ይላል። እውነቱ፣ ካሜራውን ሆዱ ላይ አድርጎ ሣሩ ላይ በጀርባው ተኝቶ ነው የቀረጻቸው፤ ያን ጊዜ ፍየል ኮፍያውን በላችበት።

«ፋሲል፣ አሳየኝ» አለች ቦሼ ከበሩ ሳታልፍ።

«ምኑን?»

«ፊቴን።»

ፋሲል ከወንበሩ ሳይነሳ ሦስት ጊዜ ያህል ቦታ ቀየረ። «እሱማ… ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገብቶበት ከዋናው ፋይል ላይ ትንሽ በልቶ—»

«ቫይረሱ የእኔን ፊት ብቻ መርጦ በላ?»

«ቫይረስ ምርጫ ያውቃል እኮ። ጥሩ ጥሩውን ነው የሚበላው።»

አልሳቀችም። ፋሲልም ቀልዱ እንዳልያዘ ሲያውቅ ዝም ብሎ ከፈተው። ሰማያዊ ጋዋን የለበሱ ሃያ ሁለት ሰዎች ኔሪ ወንዝ ዳር፣ ዛፍ ሥር ተሰልፈዋል። ቦሼ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች፤ አፏን ከፈተች፤ ከጋዋኗ አንገት በላይ ደመና ነበር። ወፍራም፣ ነጭ፣ መሃሉ የሚያበራ ደመና ትከሻዋ ላይ ተቀምጦ ይዘምራል። ድምፁ የእሷ ነው። እንዲህ ጥርት ብሎ ራሷን ሰምታ አታውቅም፤ ያም ባሰባት።

«እናቴ ጆሮዋ እንደማይሰማ ታውቃለህ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ዛሬ እየመጣች ነው።»

ፋሲል ማተቡን በጣቱ ጠመዘዘ። «ቦሼዬ፣ እኔ ምን ላድርግ? ጋሽ ኤርሳዶ ራሳቸው እዚህ ተቀምጠው ነው ያዘዙኝ። ካወቁ የቤተ ክርስቲያኑ ሰርግ ሁሉ ይቀርብኛል። የጴንጤ ሰርግ ባይኖር እኔ በጾም ወራት ምን እበላለሁ?»

መልስ ፍለጋ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ጣለች። ያን ጊዜ በደመናው ግርጌ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንዲት ጭልፊት አለፈች። ቦሼ ጭልፊቷን ታውቃታለች። ከአጎቷ ቤት ፊት ለፊት ያለው ሙዚቃ ቤት በሩ ላይ ባቆመው ቴሌቪዥን፣ አንዲት የቡና ቤት ዘፋኝ የሄደውን ወዳጇን በደመና መስላ የምትዘፍንበትን ክሊፕ ሌትና ቀን ያሳያል። እዚያ ደመናው ቀይ ነው፣ ልጅቱ አጭር ቀሚስ ለብሳ ትከሻዋን ትሰብቃለች፣ ከኋላዋ ይህቺው ጭልፊት ከግራ ወደ ቀኝ ታልፋለች።

«ፋሲል፣ ይህ የመንፈስ ደመና ነው?»

«ንጹሕ የመንፈስ።»

«የዚያች ዘፋኝ ክሊፕ ላይ ያለውስ?»

«እሱ የፍቅር ነው። ሌላ ነው። ሌላ ኮንቴይነር።»

«ጭልፊቷስ?»

«ጭልፊት ሁሉ ይመሳሰላል።»

«ግራ ክንፏ ላይ ሁለት ላባ የጎደላት ጭልፊት በጂንካ ስንት አለች? ቀዩን ቀለም አጥበህ በጌታ መዝሙር ላይ የዘረጋኸው የቡና ቤት ደመና ነው። ዛሬ አዳራሽ ውስጥ ተነሥቼ ብናገርስ?»

ፋሲል ላብ ያዘው። «አንቺ ልጅ፣ ዘማሪ ነሽ ወይስ መርማሪ?» አለ፤ እጁ ግን ቀድሞት ማውሱን ይዟል። ደመናውን ከፊቷ ላይ እየጎተተ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቪዲዮው መጨረሻ ዳር ገፋው፤ አንድ፣ ሁለት፣ አራቱንም መዝሙር። ፊቷ ከሥሩ ወጣ፤ ላብ ያቸፈቸፈው፣ አንገቷ ላይ ሥሯ የተገተረ፣ ዓይኗን የጨፈነች ሴት። ቦሼ እንዲህ እንደምታስጠላ አታውቅም ነበር። ቢሆንም «እንዲሁ ተወው» አለች። ፋሲል አንዱን ቁልፍ ተጫነና ኮምፒውተሩ በመቶኛ መቁጠር ጀመረ። ያ ኮምፒውተር ሲቆጥር ቸኩሎ የማያውቅ ነው፤ ሰው በእሱ ሠላሳና አርባ መካከል ለቅሶ ደርሶ ይመለሳል። ሁለቱም ቁጭ ብለው ጠበቁ። አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ፋይሉ አልቆ ዲስኩ መቀረጽ ጀመረ፤ በሩም ጨለመ፤ አቶ ኤርሳዶ ናቸው።

ኮታቸውን ለብሰዋል። መጀመሪያ ፋሲልን፣ ቀጥለው ቦሼን አዩ። «አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እናቴ እስክትመጣ ጥላ ፍለጋ ነው፣ ጋሼ።»

«ጥላ» አሉና ከእሷ ጎን፣ በአንዲቱ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። በመካከላቸው አንድ ክንድ ቦታ ቀረ። «ፋሲል፣ ዲስኩን ከመውሰዴ በፊት ልየው። ያዘዝኩህን።»

ፋሲል ቦሼን አላያትም። የሙከራ ነው ብሎ የቀድሞውን ዲስክ አወጣና ቴሌቪዥኑ ውስጥ ከተተው። ሦስቱም ተመለከቱ። ሰማያዊ ጋዋን፣ አንድ እርምጃ፣ ደመና። ድምፅዋ ክፍሉን ሞላው። አቶ ኤርሳዶ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የእህታቸው ልጅ ጎናቸው ተቀምጣ፣ የእህታቸው ልጅ የሌለችበትን ስፍራ መዝሙሩ እስኪያልቅ አዩ። ቦሼ አንድ ቃል ብትናገር ኮምፒውተሩ ውስጥ እየተቀረጸ ያለው ዲስክ ይጠየቃል፤ ዝም ብትል ደግሞ መስማማቷ ነው። ምላሷን በጥርሷ ያዘች። አጎቷ እንድትናገር የሚጠብቁ ይመስል ወደ እሷ ዞር ሊሉ ጀምረው መንገድ ላይ ተዉት።

«እንደታዘዘው ነው» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ግን ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም። «ሽማግሌዎች ከተስማሙ ምን ይደረጋል። አንድ ሰው ብቻውን አይወስንም።» ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። «በል ይህንኑ ስጠኝ፣ ልሂድ።»

ፋሲል ብድግ አለ። «ይሄማ አይሆንም፣ ጋሽ ኤርሳዶ! የሙከራ ነው፤ መሃል ላይ ይቆማል፤ በሕዝብ ፊት ያዋርደናል። የጸዳው ይኸው ወጣ።» እውነትም የኮምፒውተሩ ትሪ ምላሱን አወጣ። ፋሲል በማርከር «መዝሙር» ብሎ ጻፈበትና በሁለት እጁ ሰጣቸው። አቶ ኤርሳዶ ዲስኩን ኮታቸው ውስጥ፣ ደረታቸው ላይ አድርገው ወጡ። ፋሲልና ቦሼ ተያዩ። «አሁን እንግዲህ» አለ ፋሲል፣ «አንቺ በአምላክሽ፣ እኔም በአምላኬ።»

እናትየው ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰች፤ አዲስ ሻሽ አስራ፣ ለወንድሟ ኮረሪማ በጨርቅ ቋጥራ። ከሚኒባሱ ሳትወርድ ቦሼን ጨርቁ የቱ ጋ ነው ብላ በእጇ ጠየቀቻት። መንገዱን ሙሉ ለማያውቃት ሰው ሁሉ ልጇን እየጠቆመች አፏን ትከፍትና ትዘጋ ነበር። ቦሼ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከአጎቷ ቤት ሌላ መውደቂያ የላትም፤ ዛሬ ማታ እዚያ ቤት በር ይከፈትላት አይከፈትላት አታውቅም።

አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደውታል፤ ፕሮጀክተሩን ከመሥሪያ ቤት ተውሰው አምጥተዋል፤ ፋሲል ከኋላው ቆሟል። ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት፣ አቶ ሶርሳ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አቶ ኤርሳዶ ከጎናቸው። ቦሼ ከእናቷ ጋር ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የምታየው የአጎቷን ማጅራት ብቻ ነው። የመጀመሪያው መዝሙር የሌላ ሰው ነበር። ሁለተኛው ተጀመረ። ሰማያዊ ጋዋን፣ አንድ እርምጃ፤ ከዚያ የቦሼ ፊት ሁለት ሜትር ሆኖ ግድግዳውን ሞላው።

እናቷ የቦሼን ጉልበት ጨምድዳ ያዘች። ጨርቁን አየች፣ ልጇን አየች፣ እንደገና ጨርቁን፤ አንዱ ከሌላው እንዳይጎድል እንደምታመሳክር። ከዚያ የራሷን አፍ ከጨርቁ አፍ ጋር እኩል መክፈትና መዝጋት ጀመረች። ሴቶቹ እልል አሉ። የአቶ ኤርሳዶ ማጅራት አልተንቀሳቀሰም፤ እንደ ምሰሶ ቀጥ እንዳለ ቀረ። አቶ ሶርሳ ግን ተነሡ። ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ ጎንበስ እንኳ ሳይሉ፣ በፕሮጀክተሩ ብርሃን መሃል አለፉ፤ ጥላቸው የቦሼን ፊት ከአገጭ እስከ ግንባር ጠርጎት አለፈ፤ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ፊቷ ዳግም ወጣ፤ እየዘመረ ነበር።

አራቱም መዝሙር እንዲሁ ሄደ። ቦሼ አንዱንም አልሰማችም፤ ሲያልቅ የሚሆነውን እየጠበቀች ነበር። በመጨረሻ የቀረው የአቶ ኤርሳዶ ቡራኬ ነው፤ ለእሱ ሲባል ግማሽ ቀን ተቀርጸዋል፣ ከረባትም ተውሰዋል። ጨርቁ ላይ ትከሻቸው መጣ፣ ከረባታቸው መጣ፤ ከከረባቱ በላይ ደመና ነበር።

ፋሲል ከኋላ «ወይኔ!» ሲል ቦሼ ሰማችው። ደመናውን ከእሷ ላይ ጎትቶ ወደ ዳር ሲገፋ፣ ዳሩ ላይ ማን እንዳለ አላየም ኖሯል። «ወገኖቼ ሆይ» አለ ደመናው በአቶ ኤርሳዶ ድምፅ። ከፊት ያሉ አሮጊቶች ነገሩ ሆን ተብሎ በክብር የተደረገ መስሏቸው «አሜን!» አሉ፤ አንዷ ጭራሽ ተንበረከከች። ከኋላ ጎረምሶች ሳቃቸውን በክርናቸው አፈኑ። ጭልፊቷ ከግራ ወደ ቀኝ አለፈች። አቶ ኤርሳዶ ቢቆጡ አሜን ያለውን ሕዝብ ማሳፈር ነው፤ ዝም ቢሉ ራሳቸውን መቅበር ነው። ዝም አሉ።

ዝም ያላለችው እናትየው ናት። የማይሰማ ሰው የድምፁን ልክ አያውቅም፤ በአሪኛ፣ ገዘር ድረስ በሚሰማ ድምፅ «ኤርሳዶስ? ወንድሜን ምን አደረጋችሁት?» አለች። ብድግ ብላ ግንባሯን በጣቷ ነካች፤ በእነሱ ቤት ምልክት ይህ ኤርሳዶ ማለት ነው፣ በልጅነቱ እሷው በስህተት በዶማ አቁስላው የቀረበት ጠባሳ። አንድ ሰው የመስኮቱን ብርድ ልብስ ገለጠ። ብርሃን ገባ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት፤ መልስ መስጠት የሚችል ግን ከቦሼ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

አቶ ኤርሳዶ ተነሥተው ዞሩ። ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ፦ ይኸው አለሁ።

እናትየው በጨርቁ ላይ ወዳለው ደመና ጠቆመች። ከዚያ መዳፏን ዘርግታ የራሷን ፊት ሸፈነች፤ ገልጣም ወንድሟን በጥያቄ አየችው። ሰዎቹ ሳቁ፤ ድብብቆሽ መሰላቸው። ቦሼ አልሳቀችም። በእነሱ ቤት ፊትን በመዳፍ መሸፈን ሞት ማለት ነው፤ አባቷ የሞተ ዕለት አጎቷ እናቷን ያረዷት እንዲሁ ነው። ሞተሃል ወይ ብላ ነው የጠየቀችው። የአቶ ኤርሳዶ እጅ ግንባራቸው ላይ እንዳለ ቀረ። ዓይናቸው ከእህታቸው መዳፍ ተነሥቶ ቦሼ ላይ አረፈ፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብለው አዩዋት።

ፋሲል በሕዝቡ መሃል እየተጋፋ ደረሰ። «ጋሽ ኤርሳዶ፣ ይቅርታ፣ የእኔ ጥፋት ነው። ለሽያጭ ሁለት መቶው ዲስክ ሳይባዛ ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ። ብቻ ይንገሩኝ፣ ደመናውን ከየት ላንሣው? የት ልመልሰው?»

የት ልመልሰው ያለውን ሁሉም ሽማግሌ ሰማ። ቦሼ የእናቷን እጅ ይዛ ነበር፤ እጁ ላብ አለው፣ የማንኛቸው ላብ እንደሆነ አልለየችም። አቶ ኤርሳዶ ወደ በሩ ተመለከቱ፤ በስንጥቁ የአቶ ሶርሳ ጥላ ወዲያና ወዲህ ሲል ይታያል።

«ከእኔ ላይ አንሣው» አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሌላውን እንዳትነካ።»

ኮታቸውን ቆለፉና፣ ማንንም ሳያዩ፣ አቶ ሶርሳ ወደሚጠብቋቸው ደጅ ብቻቸውን ወጡ።